የባዞ አንገት ልክ

ነሐሴ 8 ቀን 1977፣ ረቡዕ፣ ረፋድ

ጉትቻዎቹን ሞርጄ ጨረስኩ። ግራው ከቀኙ በፀጉር ያህል ይወፍራል። ሌላ ሰው አያየውም። እኔ አየሁት፤ ስለዚህ ተመልሶ እሳት ውስጥ ገባ። ፍልሰታ ነው፣ ሆዴ ባዶ ነው።

4 ሰዓት ላይ የባህል ክፍሉ ጓድ መጣ። ወጣት ነው። የተወለወለ ጫማውን ከግቢዬ ጭቃ እየጠበቀ ገባ። "ጓድ እማማ" ይለኛል። አንዱን ይምረጥ።

ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ይዟል። ለአብዮት በዓል የአውራጃው የኪነት ቡድን አርባ ምንጭ ይወርዳል። "የበና ሙሽራ" የሚባል ትርኢት አላቸው። የሙሽራዋ የአንገት ጌጥ ይሠራ ይላል። ሁለት ፎቶግራፍ ሰጠኝ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። አንዲት የበና ሴት ናት። ክብ ብረት፣ በቆዳ የተለበጠ፣ ከፊት ለፊቱ አጭር ዘንግ ወደ ውጭ የወጣ፣ የዘንጉ ጫፍ በቆርቆሮ የተሸፈነ። በእነሱ ዘንድ የመጀመሪያ ሚስት ብቻ ናት የምታደርገው። ወረቀቱ "በናሙናው መሠረት፣ ተሠርቶ ያለቀ፣ ብዛት አንድ" ይላል። በቃል ደግሞ ጨመረ፦ ማጠፊያ ይኑረው፣ ከመድረክ ጀርባ ቶሎ እንዲወልቅ። ሙሽራዋን የምትጫወተው የእኔዋ ባዞ ናት።

ባዞ እኔ ዘንድ ከተቀመጠች ሦስት ዓመቷ። የበና ሰው የሆነው አባቷ ሙጋ ከቀይ አፈር ከተማ ማዶ ካለው መንደሩ አምጥቶ፣ ትማር ብሎ ሰጠኝ። ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አለፈች። መስከረም ላይ 9ኛ ትገባለች። ፎቶግራፉን አሳየኋት። አይታ መለሰችልኝና ወደ ማጀት ገባች። ትሕትና መሰለኝ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብር ሲያነጥር ብረት በቆዳ ለብጦ አያውቅም። ከእሱ የተማርኩ እኔም አላውቅም። ደብተሬ፣ ከአንቺ አልደብቅም፤ ደስ ብሎኛል።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ፣ 12 ሰዓት

በጧት አይሱዙ ቀይ አፈር ደርሰን ተመለስን። ባዞ አስተርጓሚዬ ነበረች። ፎቶግራፍ አይቶ መሥራት ወሬ ሰምቶ እንደ መመስከር ነው። ዕቃውን በዓይን ማየት፣ በጣት መዳሰስ አለብኝ።

የገበያ ቀን ነው። ቀጥቃጩ አይኬ ከዛፍ ሥር ነበር፣ ሽማግሌ። መጀመሪያ መዳፌን ገልብጦ አየ። የእሳት ጠባሳዎቼን ሲያይ ቦታ ለቀቀልኝ። አስረዳኝ፦ ብረቱ በጠፍር ይጠመጠማል። ቆዳው እርጥብ እያለ በላዩ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ራሱ ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል። ከዚያ ቅቤና ቀይ አፈር ይጠጣል። ስለ ማጠፊያ ስጠይቀው ሳቀ። ይህ አንዴ አንገት ላይ ይዘጋል፣ በቃ፤ መዝጋቱ ነው ሥራው አለ። ባዞ ይህን ስትተረጉም መሬት መሬት ታያለች።

ልክ ሳይወሰድ ሥራ አይጀመርም። በልጅነቴ መነኩሲቷ መምህሬ ጣቴን በማስመሪያ እየመታች ያስተማረችኝ ነው። ክር አወጣሁና እዚያው የባዞን አንገት ለካሁ። ሦስት ጊዜ። 31 ሳ.ሜ.። ክሩን ቋጠርኩ። ሴቶቹ ከበቡን፣ ተጠራሩ፣ ተንሾካሾኩ። አንዷ አማርኛ ታውቃለች።

"እማማ፣ ባልየው የታለ? ነው ወይስ አንቺው ልታገቢያት ነው?"

በአካባቢው የነበረ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ባዞ አልሳቀችም። ጂንካ እስክንደርስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ንድፉ በሦስተኛው ወረቀት ልክ መጣ። ወረቀቱን ቆርጬ ጎን ለጎን ከክሩ ጋር አስተያየሁት። ብረቱ የስምንት ሚሊሜትር ፌሮ ነው። ከሰል፣ ወናፍ፣ መስፍ። ሲቀላ መምታት፣ ሲጠቁር ማቆም፣ እንደገና ማጋል። በልኩ ያስጠረብኩት ግንድ ላይ ዙሪያውን ቀጠቀጥኩት። ዘንጉ ለብቻው ተበየደ። ቆርቆሮውን ጫፉ ላይ ጠቅልዬ ስፌቱን ወደ ታች አዞርኩት፣ እንዳይታይ።

ማጠፊያው። ነሐሱን ከጥይት ቀለህ አወጣሁ፤ ፒኑ ወፍራም መርፌ ነው። ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ አመድ። ሲዘጋ መስመሩ አይገኝም። በጥፍሬ ፈለግኩት፣ አጣሁት። እንዲህ ያለ ማጠፊያ ባለቤቴም አልሠራም። ኩራት ነው፣ ያውም በጾም። ይጻፍ።

ባዶ ብረቱን ልሞክርባት ስል ባዞ ወደ ኋላ ሸሸች። ይቀዘቅዛል አለች። ብረቱ ገና ሞቅ ያለ ነበር።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ሙጋ መጣ። ለገበያ ሲመጣ ማር ያመጣልኛል። ዛሬ ባዶ እጁን ነው። በርኮታውን፣ ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫውን፣ ደጃፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ትልቁንም ትንሹንም "አንቺ" ነው የሚለው፤ ድሮ አርመው ነበር። ዛሬ አላረምኩም።

"አሮጊት፣ የልጄን አንገት ለካሽ።"

ለካሁ አልኩት።

"ገበያ መሃል ለካሽ። ሰው ሁሉ አየ። ለማን ነው የለካሽ? ከብቱ የታለ?"

ለትርኢት ነው፣ ለመንግሥት በዓል ነው አልኩ።

"እንግዲያ መንግሥት አገባት። ይሁን! ከብቱን ይንዳ፣ እኔ በረት እሠራለሁ።"

አፉ ሳቀ፣ ዓይኑ አልሳቀም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ነሐሴ 30 የኪነቱ መኪና ቀይ አፈር ይቆማል፤ ገበያው ላይ ይጨፍራሉ። ዘመዶቹ አሉ። ባዞን ለልጃቸው የጠየቁት ቤተሰቦችም አሉ። በእነዚህ ሁሉ ፊት ያንን አንገቷ ላይ ካደረገች፣ ባል የሌላት የመጀመሪያ ሚስት ሆነች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃት የለም። ስለዚህ ወሬው ሳይቀድመው፣ እዚያው ከመኪናው አውርዶ ለጠየቋት ይሰጣታል። ትምህርቱም አበቃ።

"ካላደረገች ትማር። እኔ አልከለክልም። ቃሌ ነው።"

ባዞ ከውስጥ ሆና ትሰማለች። እሱ ሲሄድ፣ ገበያው ላይ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"ልኬን የወሰዱት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። እርስዎን ደግሞ ማን ያርማል?"

ደብተሬ፣ ይህን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱን ሰረዝኩ።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

ጽ/ቤት ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት። በመስኮቱ የአውሮፕላኑ ሜዳ ይታያል፤ ልጆች ላሞቹን ከሜዳው እያባረሩ ነበር።

ለጓዱ ሁሉንም ነገርኩት። በጨዋነት ሰማኝ። ሌላ ልጅ አድርጉ አልኩ። በቡድኑ ያለችው የበና ልጅ እሷ ብቻ ናት አለ። ሌላ ጌጥ ትልበስ አልኩ። ፕሮግራሙ አርባ ምንጭ ደርሷል፣ ታይቶ ጸድቋል አለ። አባቷ ከት/ቤት ያስወጣታል አልኩ። እሱ ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ አብዮቱ የሚታገለውም ይህንኑ ነው አለ።

"ጓድ እማማ፣ ማሰሪያ ነበር። እኛ ጌጥ አደረግነው።"

መድረክ ላይ ስለወጣ ዕቃው ሌላ አይሆንም አልኩት። ፈገግታው ጠፋ። መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አሳየኝ፤ የእጅ ሙያተኞች ማኅበር ያልገቡ ሰዎች ዝርዝር። ስሜ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። አላስፈራራኝም። መልሶ ዘጋው። መኪናው ነሐሴ 30 ጧት 1 ሰዓት ይነሳል አለ፣ ያን ብቻ።

ፈርቻለሁ። ይህም ይጻፍ።

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ

ባዞ መላ ይዛ መጣች። ይስፋና መድረክ ላይ ይውደቅ። ወይ ማጠፊያው ደካማ ይሁንና ይሰበር። ወይ ታመምኩ ይበሉና አይድረስ። ሦስቱንም እምቢ አልኩ። የተበላሸ ሥራ ከእጄ አይወጣም አልኩ።

"ለብረቱ አዘኑለት" አለች። ወጥታ ሄደች።

መዶሻዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ለብረቱ ነው ያዘንኩት? ኩራት አለበት፣ አልክድም። ግን ሌላም አለ። ቢሰፋ በሽቦ ያጠቡታል። ማጠፊያው ቢሰበር በገመድ ያስሩታል። ባይደርስ ጓዱ መጥቶ እንዳለ ይወስደዋል። በየትኛውም መንገድ አንገቷ ላይ ይወጣል። የባሰ ሥራ ሆኖ ይወጣል እንጂ መውጣቱ አይቀርም።

የፍየሉን ቆዳ ነከርኩ። እጅ ባዶውን አያስብም።

ነሐሴ 26፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። አልጸለይኩም፤ ቆሜ ስለ ማጠፊያ ሳስብ ቅዳሴው አለቀ። ባዞ ምሳ አቀረበችልኝና ወደ ጓሮ ወጣች። አራት ቀን ቀረ።

ነሐሴ 28፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጧት ከኋላ የተነሳውን ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ስፌቱን ለመቁጠር ነበር። የሴትዮዋ ማጅራት ላይ ማጠፊያ የለም። ቆዳው ሥር ብረቱ የተጋጠመበት ትንሽ እብጠት ብቻ አለ። ሃያ ቀን ሙሉ ፊቴ ነበር። አይኬ የነገረኝም ይህንኑ ነው፦ መዝጋቱ ነው ሥራው። እኔ ግን ማጠፊያ ሳሳምር ከረምኩ። የሚከፈት የሚዘጋ ዕቃ መቼም አላለቀም። ወረቀቱ ደግሞ ያለቀ ይላል፣ በናሙናው መሠረት።

እሳት አቀጣጠልኩ። የማጠፊያውን ፒን አወጣሁ፣ ነሐሱን አነሳሁ። ሁለቱን የብረት ጫፎች አግዬ አስተኛሁና አንዱን በሌላው ላይ ደረብኩ። ልኩ እንዳይጠብም እንዳይሰፋም በክሩ አየሁት። ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፣ ሁለት ችንካር አጋልኩ። የመጀመሪያውን መታሁ፣ አራት ምት። ሁለተኛውን አራት ምት።

ተዘጋ። ውስጡ ማንም የለም።

ባዞ ወናፉን ትነፋ ነበር። ሁለተኛው ችንካር መስፉ ላይ ሲተኛ ገባት። ክቡን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቀች፣ በሃያ ቀን የመጀመሪያዋ። ወናፉን አታቁሚ አልኳት። ራሷ ላይ ልሞክረው አላልኩም። ራሷ 54 ሳ.ሜ. ነው፤ ክቡ 31። የሚለካ ሰው አይሞክርም።

ከዚያ ጠፍሩ፣ በጠፍሩ ላይ እርጥቡ ቆዳ፣ በወስፌ በአንድ ሳ.ሜ. አራት ስፌት። ለመድረቅ ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። ከደረቀ በኋላ ቆዳው ሳይቀደድ ብረቱ አይገኝም።

ማጠፊያውን መርፌ ሣጥኔ ውስጥ አኖርኩት። ዓይኔ ደጋግሞ ወደዚያ ይሄዳል።

ነሐሴ 30፣ ሐሙስ፣ ጧት 2 ሰዓት

ራሴ ወሰድኩት፣ በነጭ ጨርቅ። ቆዳው ቅቤና ቀይ አፈር ጠጥቷል። ቆርቆሮው ፊት ያሳያል። ቡድኑ መኪና ላይ ወጥቶ ነበር፣ ባዞም።

ጓዱ ገልጦ አየና ግሩም ነው አለ። ከልቡ ነው፣ ፊቱ በራ። ከዚያ ጣቱ ማጠፊያ መፈለግ ጀመረ። አንዴ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ።

"በየት ነው የሚከፈተው?"

አይከፈትም አልኩ።

"ታዲያ በየት ትልበሰው?"

ወረቀቱን አነበብኩለት፤ በናሙናው መሠረት፣ ያለቀ። ናሙናው ማጠፊያ የለውም። ይህ አንገት ላይ የሚዘጋ ዕቃ ነው፤ የሚገባትን ሴት አላመጣችሁልኝም፣ ስለዚህ ባዶውን ዘጋሁት አልኩ። ከበሮ መቺው በሳል አስመስሎ ሳቀ። ጓዱ ይቆረጥ አለ። ቁረጠው አልኩት፤ ቆዳው ይተለተላል፣ ለሌላ ሁለት ቀን ስጠኝ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ጓድ፣ የወይጦ በረሃ ሳይሞቅ እንለፍ እንጂ!" አለ።

ጓዱ ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብሎ፣ ስንመለስ እንነጋገራለን አለኝ። ክቡን ወደ መኪናው ዘርግቶ ለባዞ ሰጣት፣ በእጇ ትያዘው አለ። ሄዱ። አንገቷ ባዶ ነበር።

አጥር ይዤ ተመለስኩ።

ጳጉሜን 1፣ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ከቀይ አፈር የተመለሰ የአይሱዙ ሾፌር በሬን አንኳኳ። ገበያው ላይ ነበር። ባዞ መኪናው ላይ ቆማ ክቡን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳችው ይላል። በቋንቋቸው ጮክ ብላ ተናገረች። አጠገቡ የነበረውን ሰው ምን አለች ብሎ ጠየቀው። "ይኸው፣ ተዘግቷል፣ የማንም አይደለም። የምትገባበት ካለች ትምጣ" ነው ያለችው። ሴቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ያቺ አማርኛ የምታውቀው፣ "አሮጊቷን ባል አገኘሽ ወይ በላት" ብላ ልካብኛለች።

ሙጋስ አልኩት። በትሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ የልጁን አንገት ለረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ ወደ ከብቱ ሄደ። መልእክት የለውም። ግን አንድ ቅል ማር ልኳል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ገና አልከፈትኩትም።

ከሾፌሩ ቀጥሎ አብዮት ጠባቂ መጣ፣ ወረቀት ይዞ። ማክሰኞ መስከረም 7፣ 3 ሰዓት ላይ ጽ/ቤት እቀርባለሁ። ስለ ምን እንደሆነ አልተጻፈም።

የ9ኛ ክፍል ምዝገባ ሰኞ መስከረም 6 ነው። አንድ ቀን ይቀድማል፤ ቡድኑም እስከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ሰኞ ባዞን ወስጄ አስመዘግባለሁ፣ የአሳዳጊ ቦታ ላይ እኔ እፈርማለሁ። የቤቱን ቁልፍ ለእሷ እሰጣታለሁ። ማክሰኞ ጋቢዬን ለብሼ እሄዳለሁ። አልደበቅም። ከኋላ የተነሳው ፎቶግራፍ እኔ ጋ ነው፣ እሱን እይዛለሁ፤ ክሩንም ከነቋጠሮው፣ ማስመሪያዬንም። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ያምጡልኝ፣ ፊታቸው እለካዋለሁ። 31 ሳ.ሜ. ካልሆነ ጥፋተኛ ነኝ።