ለእንግዳ የተጠረገ ሰፈር

ጥር 6
ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ሰው ቀኑን በምን ይገፋዋል? እኔ እንጃ። ጠዋት ማመልከቻ ጻፍኩ። ከሰዓት ሌላ ማመልከቻ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ... እናቴ "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨረሽው!" አለች።

ሙቀቱ አይቻልም። እህቴ መስኮት ልትከፍት ስትል እናቴ ከለከለቻት። "ተይው፣ ጭሱ ይገባል።" ክፍላችን ከብረት ማቅለጫው ግንብ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። እህቴ ደግሞ መውለጃዋ እየተቃረበ ነው። "እኔስ ለምጄዋለሁ። ይሄ የሚመጣውስ?" አለች ሆዷን ይዛ።

ጥር 9
ጎረቤታችን ሬዲዮ ወሬ ይዛ መጣች። መቼም ይህን ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ማቅለጫው ሁለተኛ ምድጃ ሊተክል ፈቃድ ጠይቋል አሉ። "ጭስ ማውጫው ወንድም ሊወለድለት ነው!" ብላ ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም።

በአካባቢ ሳይንስ ተመርቄ የለ? እጄን አጣጥፌ ልይ?

ጥር 13
አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ትሑት። "እስካሁን ከሰፈሩ አቤት ያለ የለም እኮ" አለኝ። ክው አልኩ። ፈቃዱ ከመወሰኑ በፊት መጥቶ ያያል። ያየውን ይጽፋል።

በቃ! ጥቀርሻውን ካየ አለቀ። እየሮጥኩ መጥቼ ለሬዲዮ ነገርኳት። ሻይ ሳይፈላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ከቤቷ ወጥታ "ይምጣልን!" አለችኝ። ደስ ሲል...

ጥር 18
ላብድ ነው።

ጠዋት ስወጣ መንገዱ ረጥቧል። ደጁ ሁሉ ታጥቧል። መስኮቶቹ ያበራሉ። ፀጉር ሠሪዋ መሰላል ላይ ወጥታ ቆርቆሮ ትፈትጋለች። ጣሪያ! ጡረተኛው ሹፌር አጥሩን ኖራ ቀብቷል። ወደ ቤት ብመለስ እናቴ መጋረጃ እየለወጠች ነው።

"እማ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እንግዳ ይመጣል አላልሽም?"

"ጥቀርሻውን ሊያይ እኮ ነው የሚመጣው!"

"ታዲያ ገመናዬን አይቶ ይሂድ? በይ ያንን ጠረጴዛ ያዢልኝ።"

መጣ። ሻይ ጠጣ። ጭስ ማውጫው ራሱ ዛሬ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም ብሏል። ማን ነገረው? ባለሙያው ሲሰናበተኝ "ሰፈራችሁ እንዴት ያምራል" አለ። ከልቡ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥር 19
እናቴን ተናገርኳት። "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው።" ጨርቋን አንሥታ ትናንት ያበራ የነበረውን መስኮት መጥረግ ጀመረች። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ተነሣ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ዕድሜዋን ሙሉ!

"ለምን ይሄን ያህል?" አልኳት።

"ሰው ሲገባ ሰነፍ ናት እንዳይለኝ።"

ሰነፍ? እናቴ? ጥቀርሻው የእሷ ጥፋት ነው ብላ ነው የኖረችው? ሌሎቹስ?

ጥር 23
ቢሮ ተመለስኩ። ውሳኔው ገና ነው። "ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከጠየቁ ደግሜ አያለሁ" አለኝ ባለሙያው።

ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። ስለ ቅንጣት፣ ስለ ሳንባ... ሹፌሩ አዛጋ። እናቴ ግን ድንገት ተነሣች። ሰው ፊት ተናግራ የማታውቀው እናቴ።

"እኔ መስኮቴን ጠዋትም ማታም እጠርጋለሁ። ተመልሶ ይጠቁራል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

ፀጉር ሠሪዋ "እትዬ፣ እርስዎም?" አለች። "እኔ እኮ ነጭ ፎጣ መግዛት ትቻለሁ። ደንበኛ ቆሻሻ ናት እንዳይለኝ ጥቁር ብቻ ነው የምገዛው።" አንዷ ልብሷን ቤት ውስጥ ነው የምታሰጣው። ሌላዋ ዘመድ አትጠራም። ሁሉም ለየብቻው ሲደብቅ ኖሯል!

"ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ሳልሰማ?" አለች ሬዲዮ። ሳቁ ቤቱን ሞላው።

ሁላችንም ፈረምን። ባለሙያው እስኪመጣ ማንም ላይጠርግ ተስማማን። ሹፌሩ "ሴቶቹ ግን አይችሉም" ከማለቱ ፀጉር ሠሪዋ "አጥር የቀባው ማን ሆነና፣ ጋሼ?" አለችው።

ጥር 27
እናቴ አልጠረገችም። በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ግን ፊቷን ታዞራለች።

የካቲት 2
ባለሙያው ዛሬ ጠዋት ሳይነግረን መጣ። ነጣ ያለ ሱሪ ለብሷል። እናቴ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ... "ግባ ልጄ። ቁጭ በል" ብላ ያልተጠረገ ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠ። ሲነሣ እህቴ አፏን ያዘች። ዞሮ ሱሪውን አየ፣ መዳፉን አየ።

"እማማ፣ ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ሳይጠረግ ሳምንት ቢያልፈው ነው። ይቅርታ አድርግ..." ብላ ጀመረችና አቆመች። ቀና አለች። "አይ። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ አይደለሁም።"

ቤት ለቤት ዞረ። አሥር ጊዜ ፎቶ አነሣ። ሱሪውን አላራገፈም።

የካቲት 9
ሁለተኛው ምድጃ ታገደ። ሬዲዮ መንገድ ለመንገድ እልል አለች። እኔም ጮህኩ። ግን "ለጊዜው" ይላል... የነበረውስ? እህቴ ዛሬም መስኮት አልከፈተችም። የእሷ ልጅ "ለጊዜው" አይደለም የሚተነፍሰው።

እረፍት የለኝም። እናቴ ደግሞ ከእኔ ብሳለች። "ከግንቡ ወዲያ ያሉትስ? እነሱም እየጠረጉ ዝም ብለው ይሆናላ።" ራሷ እየነገረችኝ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ነገ በየደጃቸው አብረን እንለጥፋለን፦

"ከግንቡ ወዲህ ያለን ጎረቤቶቻችሁ ነን። ቤታችን ጥቀርሻ አለ። የእኛ ስንፍና አለመሆኑን ያወቅነው ስንነጋገር ነው። እናንተ ቤትስ? እሑድ ከሰዓት ፀጉር ቤቱ ውስጥ እንጠብቃችኋለን። ሳትጠርጉ ኑ።"