ሦስተኛው አሃዝ

ኖቬምበር 18

ዝናብ። ወደባችን ናንፋንግአው ላይ በኖቬምበር «ዝናብ» ብሎ መጻፍ ቀለም መጨረስ ነው፤ ግን ልማድ ሆነብኝ። ጠዋት ከሱዪን ጋር የዓሣ ሾርባ ልንጠጣ ወጣን። ጃንጥላው ተገለበጠ። «ጡረታ የወጣ ባል ጃንጥላ እንኳ አይጠግንም» አለች ሚስቴ።

ከሰዓት ፔይሩ ደወለች። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የሬዲዮ ሠራተኛዋ። አባቷ በዚያው ወንበር ላይ ከነበረ ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ።

«ጋሼ፣ ማሽንህ አብዷል።»

«ምን አደረገ?»

«አንድ ጀልባ ራቅ ብሎ ሊሄድ ነው፣ የሚመለሰው ጃንዋሪ አምስት። ቀኑን ሳስገባው ወዲያው ቀይ ሆነ። ‹መመለሻው አልፏል፣ ፈልጉት› ይለኛል። ሰዎቹ ገና ደጃፌ ላይ ቆመው ሲጋራ እያጨሱ ነው!»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

እርጅና ነው አልኳት። የማሽኑን ማለቴ ነው።

ኖቬምበር 19

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። እርጅና አይደለም። እኔ ነኝ።

በአገራችን አቆጣጠር፣ ሪፐብሊኩ ከተመሠረተበት ጀምሮ፣ ዓመቱ አሁን ዘጠና ዘጠኝ ነው። ጃንዋሪ አንድ መቶ ይሆናል። የጀልባዎቹን መውጫና መመለሻ የሚከታተለውን ፕሮግራም በሰማንያ ለማኅበሩ ስጽፈው ለዓመቱ ሁለት አሃዝ ብቻ ሰጠሁት። ቦታ ጠቦኝ… የጀልባዎቹ ስም አልበቃ ስላለ ከዓመቱ ላይ ቀነስኩ። እና ለማሽኑ መቶ ማለት ዜሮ ዜሮ ነው። ዜሮ ዜሮ ደግሞ ከዘጠና ዘጠኝ ያንሳል። ጃንዋሪ የሚመለሰው ከአሁኑ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው የተገላቢጦሹ ነው። ዲሴምበር መጨረሻ ሊገባ ሲገባው የቀረ ጀልባ፣ ማሽኑ ጃንዋሪ ላይ ሆኖ ሲያየው ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው ይመስለዋል። አረንጓዴ አድርጎ ይተወዋል። ማንም አይደውልለት፣ ማንም አይፈልገው።

ሚስት ያለው ማሽን አያስፈልገውም፣ እሷ ትቆጥርለታለች። ማሽኑ ለእነ አጻይ ነው። አጻይ ወንደላጤ ካፒቴን ነው፤ አብረውት የሚሠሩት ሁለት ኢንዶኔዥያውያን ናቸው። ወደቡ ላይ ቀን የሚቆጥርላቸው የለም።

ሽማግሌው ዮ፣ የፔይሩ አባት፣ ያኔ ጠይቆኝ ነበር። «መቶ ስንገባስ?» አለኝ። «ጋሽ ዮ፣ እስከዚያ ይሄ ማሽን ዝጎ፣ እኔም አፈር ለብሼ…» ብዬ አሳቅኩት። አፈር የለበሰው እሱ ነው። እኔና ማሽኑ አለን።

ኖቬምበር 24

ፕሮግራሙን ያስቀመጥኩባቸው ዲስኬቶች ተገኙ፣ ከሱዪን የስፌት ሳጥን ሥር። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ሙሉውን ይነበባል። የሚታረመው ስድስት መስመር አይሞላም። ስድስት መስመር!

ግን ይሄ ለሰው የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ሰርቨሩ፣ ያው የማኅበሩ ማሽን፣ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ቤት ስንቀይር ለቆራሌው ሰጠሁት። ሰርቨሩ ራሱ አይችልም። ስርዓቱ ፋይል እንዲያከፋፍልና የተዘጋጀ ፕሮግራም እንዲያሄድ እንጂ እንዲያዘጋጅ አልተሠራም። ከገበያ ከወጣም ስንት ዓመቱ።

አንድ መንገድ ቀረኝ። ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ለዚያ ሽማግሌ ማሽን የሚሠራ ክሮስ ኮምፓይለር፣ ከነመሣሪያዎቹ፣ ከባዶ ማቋቋም። ሌላ ቤት ላለ በሽተኛ እዚህ ማብሰል በለው። ጥርሱ ምን እንደሚችል ሳታውቅ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች ሱዪን።

«ሦስት።»

ዲሴምበር 1

ኮምፓይለሩን ለመሥራት ላይብረሪው፣ ማለትም የዝግጁ ኮዶች ስብስብ፣ ያስፈልጋል። ላይብረሪውን ለመሥራት ኮምፓይለሩ። ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ግማሽ ኮምፓይለር ይሠራል፣ በግማሹ ላይብረሪው፣ በላይብረሪው ደግሞ ሙሉው። ሁሉም የተለያየ ዓመት እትም ነው የሚፈልጉት። አንዱን ሳባብል ሌላው ያኮርፋል። የሱዪን እህቶች ናቸው።

ዲሴምበር 3

አልሆነም።

ዲሴምበር 4

አልሆነም። ትናንት እንኳ ይሄድ የነበረው ዛሬ ቆመ። ምን ነካሁ?

ዲሴምበር 8

ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው አገኘሁ። አገሩን አላውቅም። ስህተቱ ቃል በቃል የእኔው! ልቤ ዘለለ። ወረድ ብዬ ሳነብ ራሱ መልሶ ጽፏል፤ «ተፈታልኝ፣ አመሰግናለሁ።» እንዴት እንደተፈታ? የለም። ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ጻፍኩለት። አድራሻው የለም ብሎ ተመለሰ።

ፈትቶት ዝም! ዕዳውን ባይከፍለኝም ስሙን አልረሳውም።

ዲሴምበር 14

ማኅበሩ ዘንድ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሉ ሻይ ቀዳልኝ።

«ጋሽ ጂያን፣ አትጨነቅ። ኤፕሪል ላይ ከካውንቲው አስተዳደር አዲስ ሲስተም ይመጣል። ያንን አሮጌ ዕቃ እንጥለዋለን።»

«እስከ ኤፕሪልስ?»

«እስከ ኤፕሪልማ አንተ አለህልን!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «የዱሮ ማሽን ነው፣ ምን ታደርገው። ሃያ ዓመት ማገልገሉም ተመስገን ነው።»

በዚህ ቦታ መናገር ነበረብኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

ሬዲዮ ክፍል ገባሁ። ሰርቨሩ አናት ላይ እንደወትሮው አረንጓዴው የበቆሎ ብስኩት ከረጢት አለ፣ በአገራችን ልማድ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን፤ የብስኩቱ ስም ራሱ «ጨዋ» ማለት ነው። ፔይሩ ጊዜው ያለፈበት ማስቀመጥ መርገም ነው ብላ አዲስ ለውጣለች። አንስቼ አየሁት። «እስከ 100.06.20 ይጠቀሙ።» ሦስት አሃዝ። የብስኩት ፋብሪካ እንኳ አስቦበታል… እኔ ኢንጂነሩ ግን…

ዲሴምበር 22

ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት ቀን። የሩዝ ድብልብሉን በላን፤ እሱን የበላ አንድ ዓመት ጨመረ ይባላል። ሱዪን ከሳህኔ ሁለት ወሰደችብኝ፣ «አንተ በቃህ» ብላ።

ደግሞ ደስታ! ኮምፓይለሩ ተሠራ። ስህተት የለም። ስድስቱን መስመር አርሜ ሰጠሁት፣ ዋጠው፣ ፕሮግራሙን አወጣልኝ። ተነስቼ ሳሎን ውስጥ ዞርኩ። ሱዪን ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ዲሴምበር 26

ምነው ባልነካሁት።

እሑድ ነው፣ ጥቂት ጀልባ ነው የሚወጣው ብዬ ሄድኩ። አዲሱን ፕሮግራም ጫንኩ። ሰርቨሩ፣ ፕሮግራሙ ከስርዓቱ የሚጠራውን አንድ የሥራ ትእዛዝ ስም አላውቀውም ብሎ መለሰው። እሺ። ያንን ስም ዘልዬ እንደገና አዘጋጀሁ፣ ጫንኩ… ተቀበለ። አሥር ሰከንድ ሠራ። ከዚያ ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። አጥፍቼ ሳበራው ጀልባዎቹ ሁሉ ከዝርዝሩ ጠፍተዋል።

ፔይሩ አልጮኸችም። ሬዲዮውን አንስታ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ሠላሳ አራት ጀልባ። እኔ ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

«መቼ ነው የምትመለሱት?»

«ምነው፣ ሚስቴ ልካሽ ነው?» አለ አንዱ።

አጻይ ሳቀ። «እሑድ ለእሑድ ናፈቅኩሽ እንዴ ፔይሩ? ሠላሳ አንድ እገባለሁ። ካልገባሁም አታልቅሺ።»

«ለአንተ የሚፈስ እንባ የለኝም» አለችው። አሮጌውን ፕሮግራም መለስኩ። ሁሉንም እንደገና አስገባን።

ዲሴምበር 29

ለፔይሩ ነገርኳት።

ለምን ዛሬ? ከእንግዲህ እንደማልደርስ ስላወቅኩ። ሁለት ቀን ቀረ፣ ያ ስም ከየት እንደመጣ እንኳ አልገባኝም። ሩዝ ከወጥ ጋር ይዛ በማንኪያ እየበላች ነበር። አሃዙን፣ ቦታ ማጠሩን፣ አባቷ የጠየቀኝን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ሁሉንም።

ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አባቴ ጠይቆህ ነበር?»

«አዎ።»

«አንተ ሳቅክ?»

«…አዎ።»

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ‹ጂያን ያለው ልክ ነው› ሲል ነበር። ከማንም ጋር ሲጨቃጨቅ ያንተን ስም ነበር የሚጠራው።» ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። «ይሂዱ አሁን፣ አቶ ጂያን። ሥራ አለብኝ።»

ከስንት ዓመት በኋላ አንቱ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሉ ቢሮ ገብቼ ለእሱም ነገርኩት። ሻይ አልቀዳልኝም።

ዲሴምበር 31

ፔይሩ ከማኅበሩ መጋዘን ጥቁር ሰሌዳ አስወጥታ በሩ ላይ አሰቀለች። ጀልባ፣ የወጣበት፣ የሚመለስበት። የገባውን በጨርቅ ታጠፋዋለች። በቃ። እኔ አምስት ሳምንት ከኮምፓይለር ጋር ስታገል እሷ በግማሽ ቀን ጨረሰችው።

ግን ምሳ መብላትም ዓሣ ማስመዝገብም አለባት። ሰሌዳውን ማን ይጠብቅ? «እኔ» አልኩ። አላየችኝም፣ ወንበር ግን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

ጃንዋሪ 1

መቶ ገባን። ርችቱን ከወደቡ አየን።

ማሽኑ ዲሴምበር መግባት የነበረበትን ጀልባ ሁሉ አረንጓዴ አድርጓል። ምን ያህል የሚያምር አረንጓዴ። ሰሌዳው ላይ ግን አንድ መስመር አልጠፋም። አጻይ።

ፔይሩ ጠዋት ጠራችው። ዝም። «ሬዲዮው ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ። «ሊሆን ይችላል» አለች። ቀትር ላይ ጠራችው። ዝም። ወዲያው ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደወለች። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዝናቡ የመስመሩን ጫፍ እንዳያጥበው ጃንጥላ ይዤ ነበር። ሌላ ምን ላድርግ? የማውቀው ሁሉ አንድ ጀልባ አያወጣም።

ጃንዋሪ 2

ተገኙ! ሞተራቸው ጠፍቶ፣ ባትሪያቸው አልቆ ወደ ምሥራቅ እየተንሳፈፉ። ሦስቱም በሕይወት። ማዕበሉ ዛሬ ከሰዓት ነው የባሰው፤ ማሽኑን ብንሰማው ኖሮ… ልጨርሰው አልችልም።

ከባሕር ጠረፍ ጥበቃው መርከብ ሲወርዱ ፔይሩ አጻይን ጆሮው ላይ መታችው። ከዚያ አለቀሰች። «አታልቅሺ ብዬሽ አልነበር?» አላት፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ።

ጃንዋሪ 9

ሆነ።

ነገሩ ይሄው ነው፤ እኔ ከኢንተርኔት ያወረድኩት የስሞች ዝርዝር ለአዲሱ እትም ነው፣ የእኛ ሰርቨር የቀድሞው ነው። የሌለውን ሥራ እየጠየቅኩት ነበር። ዝርዝሩን ከራሱ ከሰርቨሩ አወጣሁ፣ እንደገና አዘጋጀሁ፣ ጫንኩ። ሙሉ ቀን ጠበቅኩ። አልቆመም። ስክሪኑ ላይ 100 ይላል፣ ሦስቱም አሃዝ።

ፔይሩን ጠራኋት። መጥታ አየች። «ጎበዝ፣ ጋሼ» አለች። ጋሼ! ከዚያ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ሉም አየ። «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ይኑር። ሰሌዳውን ግን አናወርደውም፣ ሴቶቹ ለምደውታል።» እውነቱን ነው። ከገበያ ሲመለሱ ቆመው ያነቡታል፣ የሰው ባል ሳይቀር ይቆጥራሉ።

የስድስት ሳምንት ልፋት ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሠራል፣ የሚያየው የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደከመኝ።

የስሞቹን ነገር ግን ያ «ተፈታልኝ» ያለው ሰውዬ በነበረበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጻፍኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እያንዳንዱን እርምጃ።

ጃንዋሪ 17

ማክሰኞና ዓርብ የሰሌዳው ተረኛ እኔ ነኝ። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ግን ፔይሩ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስለሄደች ተካሁላት።

አጻይ ሞተሩን አስጠግኖ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላገኘው ቆይቻለሁ። ሸሽቼው ነው እንጂ። ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ነገርኩት፤ «ማሽኑ አላየህም ነበር። ያሳወርኩት እኔ ነኝ፣ በሰማንያ።»

ዓሣ አጥማጆች ለመነቃቃት የሚያኝኩትን የአረካ ፍሬ እያኘከ አሰበ።

«በሰማንያ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለ። «የአባቴን ጀልባ ድንጋይ ላይ አውጥቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ሞገድ ነው አልኩ።» ተፋ። «አሁን ሂድና ንገር እንዳትለኝ፣ አባቴ ሞቷል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ዞር ሳይል ጠመኔውን አንስቶ ሰጠኝ።

«ሐሙስ እገባለሁ፣ ጋሼ። ጻፈኝ።»

ስሙን ጻፍኩ። ጀልባውን፣ የወጣበትን፣ የሚመለስበትን። ዓመቱንም ሙሉውን።

ሐሙስ ተራዬ አይደለም። እሄዳለሁ።