በስምሽ ያጎረስኳት

ዑጅዳ፣ ሻዕባን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣
የአልጄሪያ ድንበር ከተዘጋ በሁለተኛው ዓመት

ለእህት ዓለሜ ለዙሊኻ፣

የአላህ ሰላም በአንቺም፣ በቡዚያንም፣ በልጆችሽም ላይ ይሁን። ደብዳቤሽ በካዛብላንካ ዞሮ በሃያ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። ጣሪያችን ላይ ስወጣ የእናንተ የመግኒያ ተራራ ፊት ለፊቴ ነው፤ ድሮ ጠዋት ተነስተሽ ለምሳ ትደርሺልን ነበር። ዛሬ ወረቀቱ እንኳ ከእኔ የበለጠ አገር አየ።

«ያለፈው ደብዳቤሽ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ጣለኝ፤ የእናታችንን ሕመም አትጻፊልኝ፣ በዚህ ወር ደስ ያሰኛትን ትንንሽ ነገር ብቻ ጻፊልኝ» ብለሻል። እሺ። አንቺ ጠይቀሽ በዚህ ቤት መቼ እምቢ ተብሎ ያውቃል? ግን ደስታው ከየት እንደመጣ ካልነገርኩሽ አይገባሽም፤ ትንሽ ታገሺኝ።

ሻዕባን እንደገባ እናታችን ጾም ጀመረች። «የዙሊኻ ወሊድ ቀዷ አለብኝ» አለች። አንቺን የወለደችው በረመዳን አይደል? ያኔ ያልጾመቻቸውን ቀናት ቀዷ በዓመቱ ጾማ ከፍላ ጨርሳለች፤ አባታችን ሲናገር ሰምቻለሁ። እሷ ግን ረስታዋለች። ጠዋት ሾርባ ስወስድላት «ጾመኛ ነኝ» ትላለች። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ደግሞ «በልቻለሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በማግስቱም ያው ነው። ሐኪሙ ለመናት፣ አልሰማችም። ኢማሙ መጥቶ «የታመመ ሰው አይጾምም» ቢላት፣ «አንተ ወልደሃል እንዴ?» ብላ አባረረችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእጇ አምባር እስከ ክርኗ መውጣት ጀመረ። ወላሂ፣ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነበር። እኔን ስታጠባም ረመዳን ገድፋለች፤ የእሱን ቀዷ ግን አንድም ቀን አላነሳችም።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ሻርፖቼ አልደርቅ ስላሉኝ ሳጥኑን ከፍቼ አንቺ ትተሽው የሄድሽውን አረንጓዴውን አሰርኩ። ሾርባውን ይዤ ስገባ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዙሊኻ! መቼ መጣሽ?»

ሚሙና ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ብታዪው አንቺም ዝም ትያለሽ።

«አሁን ገና» አልኳት።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? ያ ባልሽ አያበላሽም?»

«ያበላኛል። እማዬ፣ ያን ቀዷ እኮ እኔ ጾሜልሻለሁ። የእኔ ወሊድ አይደል? አልቋል። በይ እንብላ።»

«በአላህ?»

«በአላህ።»

ሁለት ጭልፋ ሾርባ ጠጣች። መሐላው ባዶ እንዳይሆን ብዬ በማግስቱ እውነትም ጾምኩላት፤ አላህ ቀኑን አቀያይሮ ይቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ሲደርስ ሻርፕሽን አስሬ አንቺ ሆኜ እገባለሁ። ጎረቤታችን ላላ ፈትና «ከሆነማ ባሏንም ውሰጂው» ትለኛለች። የቡዚያንን ማንኮራፋት ስለማውቅ እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ደስታውን እንግዲህ ልጻፍልሽ። ላላ ፈትና ከበርካን አንድ ቅርጫት መንደሪን መጥቶላት አካፈለችን። እናታችን አንዱን በራሷ አውራ ጣት ላጠችው። ነጩን ክር አንድ በአንድ ለቅማ ለቅማ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። «አንቺ ድሮም ክሩን አትወጂም» አለችኝ። እኔ ክሩን እወዳለሁ። በላሁላት።

ሌላ ቀን ያ የሽምብራ ቂጣውን ካራን የሚሸጠው ቡፈልጃ በራችን ላይ ሲጮህ ሰምታ በመስኮት «ዳቦው ውስጥ ደህና አድርገህ ክተት፣ ከሙኑንም አብዛው፤ ልጄ ከአልጄሪያ መጥታለች!» ብላ ተጣራች። ቡፈልጃ ሃያ ዓመት ያውቀኛል። በዓይኑ ጠቀሰኝና «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ድንበሩን እንዴት አለፍሽው?» አለኝ። «እንደ ኮንትሮባንዱ ቤንዚን፣ በአህያ» አልኩት። እናታችን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የዳቦውን ግማሽ በልታ ጣቷን ላሰች።

ባለፈው ዓርብ ደግሞ ፀሐይ ስለወጣ ጣሪያ ላይ አውጥቻት ፀጉሯን ሳበጥር ዞር ብላ ጉንጬን ዳበሰችኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ዳብሳኝ እንደሆነ አላስታውስም። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። በአንቺ ስም ቢሆንም ጉንጩ የእኔ ነው። ግን ወዲያው «ያቺ ሚሙና የት ሄደች?» አለችኝ።

«ገበያ።»

«ትቆይ። እሷ መድኃኒት ነው የምታመጣብኝ። ትቆጣኛለች። አንቺ ብቻ አትሂጂብኝ።»

«አልሄድም» አልኳት። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። አንስቼ አበጥሬ ጨረስኩና ጎነጎንኩላት።

ከሦስት ቀን በኋላ ረመዳን ይገባል። ያኔ ምን ብዬ እንደማበላት ስጨነቅ ቆይቼ ወስኛለሁ፤ በየቀኑ «ዛሬ ዒድ ነው፣ አይጾምም» እላታለሁ። ሠላሳ ዒድ እናከብራለን።

ቪዛው ተገኘ፣ ለእውነተኛው ዒድ በአውሮፕላን እመጣለሁ ብለሻል። ነይ። እንዳትመጪ እያልኩሽ አይደለም፤ ናፍቀሽኛል። ግን ልብሽን አጠንክረሽ ስሚኝ። የላክሽውን ፎቶ አሳየኋት። «ይቺ ወፍራም ሴትዮ ማናት?» አለች፤ ይቅርታ፣ ያለችውን ነው የምጽፈው። «ዙሊኻ ናት» ስላት ደነገጠች። እኔን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ሳህኑን ገፋችው። ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም። ከእንግዲህ የምትጾምበት ሥጋ የላትም፣ ዙሊኻ።

ስለዚህ ስትመጪ ሚሙና ሁኚልኝ። ሻንጣሽን ላላ ፈትና ቤት አስቀምጪው። ግራጫው ሽርጤ ከኩሽና በር ኋላ ተሰቅሏል፤ እሱን ልበሺ። መድኃኒቷን አንቺ ትሰጫታለሽ፣ እግሯን አንቺ ታጥቢያታለሽ። አጠገቧ ተቀምጬ የማጎርሳት እኔ ነኝ። እጅሽን ትገፈትረዋለች፣ «ይቺን አውጡልኝ» ትላለች። አትቀየሚያት። እኔም ተቀይሜያት አላውቅም።

ረመዳኑ በጤና ይግባልሽ፣ በጤና ይውጣልሽ። ልጆችሽን አላህ ከክፉ ይሰውርልሽ፤ ድንበሩን ለዘጉትም ልብ ይስጣቸው።

ታላቅ እህትሽ፣
ሚሙና