ብልቃጥዎን መልሻለሁ

ውድ አክስቴ፣

"ውድ" ያልኩዎት ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው። ሌላ ምክንያት አይፈልጉለት።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ሚጣ ከእርስዎ የውበት ሳሎን አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ያውቋታል፤ ድምጿ ቀድሟት ቤት የሚገባ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ስትወጣ አንዲት አፈ ሰፊ ብልቃጥ ይዛለች።

"እትዬ ናቸው የሰጡኝ። እስከ ሠርጉ ፊትሽ ካልጠራ የልጄን ሚዜነት እርሺው ብለውኛል" አለችኝ።

ይህን ያሉት ደግሞ ጸጉራቸውን በቢጉዲን ጠቅልለው ማድረቂያው ካስክ ስር በተቀመጡ ደንበኞችዎ ፊት ነው፤ አገጯን በሁለት ጣትዎ ይዘው ወደ መብራቱ እያዞሩ። ቲማቲም የሚመርጥ ሰው እንኳን እንደዚያ አያገላብጥም።

ብልቃጧን ክዳኗ ሳይከፈት በጠረኗ ለየኋት፤ ከላይ የጽጌረዳ ሽቶ፣ ከስር መድኃኒት መድኃኒት የሚል ነገር። ቅልቅልዎን እኔ ከረሳሁት ማን ያስታውሰው? በሚጣ ዕድሜ ሳለሁ ብጉር ሲወጣብኝ ከሳሎኑ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወስደውኝ ነበር። ከየቲዩቡ እየጨመቁ ቫዝሊን ላይ ጨመሩና በጸጉር ቀለም ብሩሽ እጀታ አማሰሉት። ምን እንደሆነ ብጠይቅዎ "የሙያ ምስጢር ነው" አሉኝ። ሙያ ብለው ነው የጠሩት።

እውነቱን ለመናገር፣ በሳምንቱ ፊቴ ጠራ። እርስዎም እየጎተቱ ለደንበኛ ሁሉ አሳዩኝ። ከዚያ ቆዳዬ ሳሳ፤ ፀሐይ ስትነካኝ ይለበልበኝ ጀመር፤ ጉንጬ ላይ ቀያይ ክሮች ወጡ። ይህን ብነግርዎ "ሲያቃጥል መሥራት ጀመረ ማለት ነው" ብለው ሌላ ብልቃጥ ሞሉልኝ። ያቆምኩት ጊዜ ብጉሩ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ተመለሰ። የክፍላችን ልጆች የመጨረሻውን ፎቶ ሲነሱ እኔ ሻሽ ተከናንቤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ተራ እጠብቅ ነበር። ሐኪሙ "ይሄ የስቴሮይድ ቅባት ያመጣው ነው፤ ማነው የሰጠሽ?" ሲለኝ ስምዎን ደበቅኩት። ፈርቼ አይደለም፤ እርስዎን አክስቴ ናቸው ማለት አሳፍሮኝ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ስለ ሚጣ ለደንበኞችዎ "ይቺ ልጅ ፊቷን ስለማትታጠብ ነው" ብለው ሲያስረዱም ነበር አሉ። ደግሞ እኮ ማስረዳት ይወዳሉ። የሚጣ ችግር መታጠብ ማብዛቷ ነው፤ በሻካራ ፎጣ ድስት የምትፈትግ ይመስል ፊቷን ስትፈትገው ነው የምትውለው። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም እትዬ። በዚህ ዕድሜ ቆዳ ቅባት ያበዛል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ያብጣል። ምስጢር የለውም።

ሰኞ ሚጣን ይዤ እዚያው የድሮው ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጣ ባገኝ ጥሩ ነው? ሙሽራዋ፣ ልጅዎ።

"አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"አገጬ ላይ ሁለት ሦስት ወጥተውብኝ እማዬ ቶሎ ታዪ ብላኝ ነው።"

"የእናትሽ ቅልቅል እያለ?"

ሳቀች። ክፋት የማያውቃት ልጅ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው እንጃ። "እሱንማ እንዳልነካው ከልጅነቴ ጀምራ አስጠንቅቃኛለች። 'ያ ለደንበኛ ነው' ነው የምትለኝ" አለች። ከዚያ የሚጣን ፊት፣ ቀጥላም የእኔን ጉንጭ አየችና ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምንቅዎት አላዋቂ ነዎት ብዬ ነበር። ለካ ያውቃሉ። አሁን ንቀቴ የሚገባውን ቦታ አግኝቷል።

ሚጣ አሁን ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ የፊት ሳሙና ትታጠባለች፤ ፎጣውን ጫን ጫን ታደርገዋለች እንጂ አትፈትግም። ቀዳዳ የማይደፍን ቀለል ያለ ቅባት ትቀባለች፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣ መከላከያውን ትጨምርበታለች። ማታ ማታ ሐኪሙ ያዘዘላትን ስስ አድርጋ ትቀባለች። እጇ ወደ ብጉሩ ሲሄድ እኔ እጮህባታለሁ፤ እሷም ታኮርፈኛለች። ለውጡ ወራት ይፈልጋል ተብለናል። ስለዚህ ለሠርጉ አይደርስም፤ መድረስም የለበትም። ልጅዎ እዚያው ወንበር ላይ ሚጣን አቅፋ "ከነብጉርሽ ከጎኔ ነሽ" ብላታለች።

ብልቃጥዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። አልከፈትነውም። በሠርጉ ጠዋት፣ ደንበኞችዎ ሁሉ ባሉበት፣ ከዚሁ በጣትዎ ጠቀስ አድርገው መጀመሪያ ልጅዎን ይቅቧት። ይህን ካደረጉ ሚጣ ቀጥላ ትቀመጥልዎታለች፤ እኔም በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እንደማያደርጉት ስለማውቅ የሚዜ ቀሚሷን አሰፍቼ ጨርሻለሁ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ፎቶው ላይ የሌለችው