ለፕላዝማው የሒሳብ መምህር፣ ወንፈል ከበላች ተማሪ

ለተከበሩትና ከክፍላችን ግድግዳ ላይ በቴሌቪዥን ለሚያበሩት የሒሳብ መምህራችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የትምህርት ቤታችን ጀነሬተር ነዳጅ ባለቀበት ቁጥር ከፊታችን ድንገት ስለሚሰወሩ ጤናዎ ያሳስበኛል። እኔ፣ እርስዎ የማያውቁኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ማስተዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰሞኑን ፊት ሳይነሱኝ የሚያናግሩኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ከምስጋና ጋር ጥቂት አቤቱታ ላቀርብልዎ ደፈርሁ።

፩ኛ. መልመጃ ሰጥተው፣ እርሳስ ሳናነሳ መልሱን ስለሚገልጡልን እናመሰግናለን። በዚህ ቸርነትዎ ክፍላችን መሥራቱን ትቶ መልስ መጠበቅ ለምዷል፤ ደብተር የሚያርሙት መምህር ላቀውም ለሁሉም ራይት ይሰጣሉ።

፪ኛ. ፈተና ላይ ግን እርስዎ የሉም። ስለዚህ መልሱ የሚጠበቀው ብቻዋን መሥራት ከምትወደው ከእኔ ሆነ። ንግስት ከአንድ ቀበሌ አብራኝ መጥታ፣ ወገዳ ከተማ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር፣ አንድ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ጓደኛዬ ናት። ባለፈው ፈተና ወረቀትሽን ዘወር አድርጊልኝ ብትለኝ በክንዴ ሸፈንሁት። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ውሃ የቀዳችልኝ፣ እህሌን ያስፈጨችልኝ እሷ ናትና ወንፈሌን መልሺ ማለቷ ነበር። በእኛ አገር በወንፈል ማሳውን አሳርሶ በተራው በሬውን ጠምዶ ያልሄደ ሰው ከሌባ አይሻልም። ፈተና የወንፈል ማሳ አይደለም ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። በማግስቱ ንግስት ሰሌኗን ጠቅልላ ከቤታችን ወጣች፤ ከወንበራችንም ተነሥታ ሌላ ጋ ተቀመጠች፤ ክፍሉም ተከትሏት ፊቱን አዞረብኝ። ወሬው አገር ቤት ደርሶ እናቴ ሳትቀር የሰው ወንፈል የበላች ልጅ ወለድሁ ብላ ላከችብኝ።

፫ኛ. በሚቀጥለው ወር ብሔራዊ ፈተና አለ፤ ንግስትና እኔ በቁጥራችን ተከታትለን እንቀመጣለን። ካሳየኋት ትመለስልኛለች፣ ካላሳየኋት እስከ መጨረሻው አጣታለሁ። በጣም ናፍቃኛለች። ክንዴ ግን ያው ወረቀቱ ላይ እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እባክዎ፣ የዚህን ጥያቄ መልስ ብቻ እርሳስ ሳላነሳ ይንገሩኝ።

እርስዎ ባይሰሙኝም ዘወትር የምሰማዎት ትሑት ተማሪዎ፣
ማስተዋል ጣሰው
ወገዳ፣ ሚያዝያ 1999 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ነገም ከጎናችሁ ካለው ተማሪ ጋር ተወያዩ ብለው ሁለት ደቂቃ ይሰጡናል። ሁለት ደቂቃ ምን ይበቃል እያልን ስናማዎት ከርመናልና ይቅር ይበሉን፤ ወንበር ላይ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እጅግ ረጅም ነው። ሲያበቃ ታዲያ «ጎበዞች፣ በደንብ ተወያያችሁ!» ማለትዎን እንዳይረሱ።