ለብ ያለውን ውሃ «ሙቅ» ላሉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ ከነቤተሰብዎ በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎ፣ ጠዋት ሲነሡም እጅና እግርዎ ያለ ጭቅጭቅ እንደሚታዘዙልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ለወጉ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ፤ እጅ እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል በየማለዳው ስለማይ ምኞቴ ከልብ ነው። ደብዳቤውን በሕንፃው መግቢያ በር ላይ የለጠፍኩትም እርስዎን ለማሳፈር አስቤ ሳይሆን፣ ቢሮዎ ድረስ ያመጣኋቸው ወረቀቶች ሁሉ መንገድ ላይ እየጠፉ ስላስቸገሩኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አሮጌዎቹን ቧንቧዎች በአዲስ ስላስቀየሩልን አመሰግናለሁ። አሮጌዎቹ ዝገው ስለነበር ውሃው ቀላ ብሎ ይወርድ ነበር፤ ነገር ግን ይሞቅ ነበር። የአሁኑ እንደ መስተዋት የጠራ፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ሲነኩት ግን የሚያንዘፈዝፍ ነው። ለዓይናችን ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። የቀረውን አካላችንን በተመለከተ ግን ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሠራተኞችዎ የመታጠቢያ ቤታችንን ግድግዳ ደፍነው፣ አዲስ ሴራሚክ ለጥፈው በሄዱ ማግስት ሙቅ ውሃ መጥፋቱን ሳመለክት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ልከውልኛል። እሱም ማሞቂያውን ደባብሶ፣ ጆሮውን ለጥፎ ካዳመጠ በኋላ «አባባ፣ ማሞቂያዎ ጤነኛ ነው፤ ትንሽ ይታገሡት» ብሎኝ ሄደ። በመስማቴ ደስ ብሎኛል። በቤታችን ጤንነቱ የተመሰከረለት እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ የቧንቧ ሥራ አልተማርኩም፤ ፊደልም የለየሁት ብቻዬን ነው። ቢሆንም ነገሩን ተቀምጬ አሰብኩበት። ወደ ማሞቂያው ውሃ የሚያስገባውን መዝጊያ ዘጋሁና የሙቁን ቧንቧ ከፈትኩ። ወደ ማሞቂያው የሚገባ ከሌለ ከሙቁ ቧንቧ የሚወጣ ሊኖር አይገባም ነበር። ውሃው ግን ማንም ያልከለከለው ይመስል እየተንፎለፎለ ወረደ። እንግዲህ ቀዝቃዛው መስመር ከአዲሱ ሴራሚክ ጀርባ ከሙቁ መስመር ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ማን እንዳጋባቸው አላውቅም፤ እኛ ለሰርጉ አልተጠራንም። ግድግዳው ይከፈትልኝ ብዬ ስጠይቅ፣ ሴራሚኩ አዲስ ስለሆነ መንካት ንብረት ማውደም እንደሚባል ተነገረኝ። ሴራሚክዎን እንዲህ ስለሚሳሱለት ሴራሚክ ሆኜ ባለመፈጠሬ አዝኛለሁ።

ሦስተኛ፤ ምክትልዎ እስከ ቤታችን ድረስ ደክመው መጥተው ሁለት ጣታቸውን ከውሃው ሥር ካስገቡ በኋላ «ለብ ብሏል» አሉ። ለብ ያለም ከሙቅ ይቆጠራል ብለውም ጉዳዩን በእርስዎ ስም እንደተፈታ አድርገው ዘጉት። እኔ በማውቀው አማርኛ ለብ ያለ ማለት ሙቅ ለመሆን ተነሥቶ መንገድ ላይ የቀረ ነው፤ አስተዳደሩ የራሱ አማርኛ ካለው ለነዋሪው ቢያስተምር መልካም ነበር።

ቀጥሎ ላለው ቁጥር መስጠት አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቿን ካጠፈባት ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጆቿን በሙቅ ውሃ ካልዘፈዘፈች አይዘረጉላትም። ሲዘረጉላት ፀጉሯን የምታበጥረው፣ ቀሚሷን የምትቆልፈው፣ ኩባያዋን የምታነሣው ራሷ ናት። ማንም፣ እኔም ብሆን፣ እንዳለብሳት አትፈቅድም፤ ግትር የሚሉት እኔን ቢሆንም በዚህ ነገር እሷ ትብሰኛለች።

ቧንቧው ሲለግም ምድጃ ላይ እያፈላሁ በማንቆርቆሪያ ማመላለስ ጀመርኩ። የእኔም እጅ የሽማግሌ እጅ ነውና አንድ ማለዳ ማንቆርቆሪያው ኮሪደሩ ላይ አዘንብሎብኝ እግሬን አቃጠለኝ። ባለቤቴ ይህን ካየች ወዲህ ከቧንቧ በቀዳሁት ውሃ ውስጥ ገና እጇን ስትነክር «ሞቋል፣ ሞቋል፤ ሌላ አታፍላ» ትለኛለች። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ስትወጣ ጠብቄ እጄን ብነክርበት ውሃው ያው የእርስዎ ውሃ ነው። እሷም ቀሚሷን መቆለፍ ስላቃታት በላዩ ሻርፕ ደርባ ትቀመጣለች፤ በረደኝ ትለኛለች።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ውሃው ሙቅ ነው የሚሉኝ ሁለት ናችሁ። እሷ እኔ እንዳልቃጠል ብላ ነው፤ እርስዎ ሴራሚኩ እንዳይሰነጠቅ ብለው። አብረን ስንኖር አንድ ቀን ዋሽታኝ የማታውቅ ሴት በየማለዳው ፊቷን አዙራ እንድትዋሸኝ ማድረግ ችለዋል፤ ድህነትም ሆነ በሽታ ይህን አልቻለም ነበርና ችሎታዎን አደንቃለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ልከው ያን ግድግዳ ያስከፍቱልኝ። የማይልኩ ከሆነ እኔው እከፍተዋለሁ፤ መዶሻዬን ከዕቃ ቤት አውጥቼ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አቁሜዋለሁ። ንብረት አወደምክ ብለው እንደሚከሱኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ የምሰጠው መልስ ከአሁኑ ይድረስዎ፤ ትንሽ የተሰነጠቀም ከደህና ይቆጠራል።

ለብ ካለ አክብሮት ጋር፣ እርስዎ ዘንድ ከሙቅ እንደሚቆጠር በመተማመን፤

ጎረቤቶቹ «አባ ግትር» የሚሉት የላይኛው ፎቅ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት ባለቤቴ «ሰውየውን አታስቀይመው» ካለችኝ በኋላ፣ ዓምና በካፖርትዎ ላይ የተከለችልዎ ቁልፍ እንደጠበቀ መሆኑን እንድጠይቅዎ አዝዛኛለች። ላልቶ እንደሆነ ሳያፍሩ ይዘውት ይምጡ፤ ጣቶቿን በሙቅ ውሃዎ ዘፍዝፈን መርፌውን እናስይዛታለን፤ እርስዎም አጠገቧ ቆመው ይጠብቃሉ።