አምቡላንሱን የመለስኩበት ሳምንት

ሰኞ

አልሄድኩም! አምቡላንሱ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አልሄድኩም።

ኦቤትስ በምትባለው ከተማ፣ መጋዘን ሥራዬ ላይ፣ ካርቶን እያሸግኩ ልቤ መንፈራገጥ ጀመረ። አዲስ ነገር አይደለም። ኤፊብ የሚሉት የልብ ምት መዛባት ከያዘኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቁጭ ብዬ የምታከምበት ክሊኒክ ነርስ ያስተማረችኝን ራሴን ጠየቅኩ። ደረቴን ያመኛል? አያመኝም። ትንፋሽ ያጥረኛል? የለም። ራሴን አዞረኝ? የለም። ፊቴ፣ እጄ፣ አንደበቴ ደህና። ከነዚህ አንዱ ካለ ለአምቡላንስ 911፣ ከሌለ ወደ ክሊኒኩ ስልክ።

ሱፐርቫይዘሩ ግን ደረቴን ስይዝ አይቶ 911 ኮል አድርጓል። የአምቡላንሱ ሰዎች ልቤን በማሽን አዩ፣ ግፊቴን ለኩ፣ “ምርጫው ያንቺ ነው” አሉኝ። ፈርሜ መለስኳቸው። ከሰዓት በኋላ ልቤ በራሱ ጊዜ ተስተካከለ።

ሱፐርቫይዘሩ፦ “ከኢመርጀንሲ ወረቀት ሳታመጪ ሺፍት የለሽም።”

ለወረቀት ነው እንዴ ሆስፒታል የሚኬደው?

ማክሰኞ

ቤት ዋልኩ፤ ተናድጄ። ካሁን በፊት አራት ጊዜ ኢመርጀንሲ ሄጃለሁ። እውነቱን ልጻፈው።

የመጀመሪያው፦ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። መሄዴ ልክ ነው።
ሁለተኛው፦ የልብ ምት የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቴ ጮኸብኝና ደነገጥኩ።
ሦስተኛው፦ ክሊኒኩ ስልክ አላነሳም።
አራተኛው፦ ልጄ ሐያት ስላለቀሰች። ልቤ መኪናችንን ፓርክ ሳናደርግ ተስተካክሎ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን።

ዛሬም “ማም፣ ጀስት ጎ!” ትለኛለች፤ ዝም ብለሽ ሂጂ ማለቷ ነው። አባቷ በስትሮክ ነው የሞተው። ፍርሃቷ ይገባኛል። እኔ ግን የደም ማቅጠኛዬን አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም።

ክሊኒኩ ደወልኩ። ስልኩን የሚመልሰው ማሽን “አስቸኳይ ከሆነ ዘግተው 911 ይደውሉ” ይላል፤ ከዚያ ሙዚቃ። ሰው እንዴት ኢመርጀንሲ አይሄድ?

ረቡዕ

ራሴ እየነዳሁ ክሊኒኩ ሄድኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፦ “አፖይንትመንት የለሽም።”

“አፖይንትመንት የለኝም፤ ልብ ግን አለኝ። እጠብቃለሁ።”

ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠበቅኩ። ነርሷ ራሷ ወጣች። ልቤን መረመረች፣ ደህና ነው አለች። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ ለእኔ ደግሞ ምን ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚያስረዳ አንድ ገጽ አስጻፍኳት። እሷን በቀጥታ የማገኝበትን ስልክም ተቀበልኩ።

ስወጣ ክንዴን ይዛ፣ “ገጹ ላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ሲመጣ ግን 911 ደውዪ፤ ከማንም ጋር እንዳትከራከሪ። ከራስሽም ጋር” አለችኝ። እልኸኛ መሆኔን አውቃብኛለች።

ሐሙስ

ደብዳቤውን ሰጠሁት። “ይሄ ከኢመርጀንሲ አይደለም” አለኝ ሱፐርቫይዘሩ።

“ልቤን የሚያክመው ማን ነው፣ ክሊኒኩ ወይስ ኢመርጀንሲ?”

የሠራተኞች ጉዳይ ክፍሉ፣ ኤችአር፣ ካላናገረኝ አልነሳም ብዬ ማረፊያ ክፍሉ፣ ብሬክ ሩም፣ ተቀመጥኩ። አብራኝ የምትሠራው የወሎዋ ልጅ ዘሀራ መጥታ፣ “እትዬ ሰዓዳ፣ ይቅርብሽ፣ ያባርሩሻል” አለችኝ። ያባሩኝ! አልተነሳሁም። ከምሳ በፊት ኤችአር ደብዳቤውን ተቀበለ። ገባሁ። ቀጥታ ካርቶኔን ማሸግ ጀመርኩ።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ቤት ስደርስ ልቤ እንደገና ተነሳ። ሐያት 911 ልትደውል ወዲያው ስልኳን አነሳች።

“መጀመሪያ ጠይቂኝ” አልኳት።

ገጹን እያየች፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። አንዱም የለም። ነርሷ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ተነሳ! “የታዘዘላትን ኪኒን ትዋጥ፣ ትረፍ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሳችሁ ደውሉ” ተባልን።

ኪኒኑን ከዋጥኩ ሃያ ደቂቃ ሆነን። አሁንም ይንፈራገጣል። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። ሐያት ግራ እጄን ይዛ ምቱን ትቆጥራለች፤ ይጠፋባትና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። እንባ የለም። እኔ በቀኜ እጽፋለሁ።